ከርጭቱ በፊት ዝናቡን እዩልን

ለተከበራችሁ የሰብል ጥበቃ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

አንድ ቅሬታ አለኝ። የማንጎ ርጭት የሚታቀደው የበጀትና የግዢ ወር ታይቶ ከሆነ፣ ተባዩ ያንን ወር አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው ዝናቡን ነው።

ነጭ የማንጎ ስኬል የተባለውን ተባይ እንውሰድ። በአገራችን መጀመሪያ የተመዘገበው በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ላይ ነው። ያደገችው እንስት ቅጠሉ ላይ ተጣብቃ በቅርፊቷ ሥር ስለምትኖር መድኃኒት በቀላሉ አያገኛትም። የምትጠቃው ገና ተፈልፍላ የምትጣበቅበትን ቦታ ስታፈላልግ ነው፤ ያኔ ኃይለኛ ዝናብም ጠራርጎ ይጥላታል። ስለዚህ ቁጥሩ በደረቁና በሞቃቱ ወራት ያሻቅብና ክረምቱ ሲጠና ያሽቆለቁላል። ታዲያ ኬሚካሉ ሐምሌ ላይ ቢደርስ ምን ይጠቅማል? አብዛኛውን ዝናቡ ያጥበዋል፤ የተረፈው ስኬሉን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ይፈጃል። መስከረም ላይ «ርጭቱ ውጤት አሳይቷል» የሚል ሪፖርት ይጻፋል፤ ሥራውን የሠራው ክረምቱ ሆኖ ሳለ! (ከዘር የበቀለውን ያን ረጅም የወለጋ ማንጎ ጫፉ ድረስ የሚረጭ ገበሬ ስንት እንደሆነ ለጊዜው አልጠይቅም። ቅርንጫፉ ቢገረዝ ግን ዝናቡም ርጭቱም ወደ ውስጥ በዘለቀ ነበር።)

አርባ ምንጭ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። ዝናቡ በበልግና በመስከረም–ጥቅምት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ እዚህ የማነሣው ተባይ የፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ እሱ ደግሞ በዝናብ አይጠፋም። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ገብቶ ነው ዝንብ የሚሆነው። ድርቅ ያለ አፈር ይገድለዋል፣ ውኃ ያቆረም ያፍነዋል፤ መጠነኛ እርጥበት ግን ይመቸዋል። ፍሬ በበሰለበት ሰሞን ዝናብ ከጣለ የወደቀውን ለቅሞ በጥልቀት መቅበር ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። መርዝ የተቀላቀለበት ማማለያም ዝናብ ካጠበው እንደገና መረጨት አለበት።

ስለዚህ ለሁለቱ አካባቢዎች አንድ ዓይነት የርጭት መርሐ ግብር አትላኩ። ለወለጋ የሚገዛው ኬሚካል በበጋው፣ ስኬሉ ከመብዛቱ በፊት ይድረስ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የዝናብ መለኪያ ይኑረው፤ የዝናቡን መጠን ወጥመድ ውስጥ ከተያዙት ዝንቦች ቁጥር ጋር አብሮ ይመዝግብ። በየማሳው ጥቂት ዛፎች ሳይረጩ ይቆዩና ውጤቱ ከእነሱ ጋር ተነጻጽሮ በሪፖርታችሁ ይውጣ።