ካርዱ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቡት

ለተከበራችሁ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የማዋለጃ ክፍል ኃላፊዎች፣

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትገባ ካርዷ ውስጥ አንድ ወረቀት ነበር። በክትትል ጊዜ ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ የጻፈችው ነው፦ ያለ በቂ ምክንያት ምጥ ማፋጠኛ እንዳይሰጣት፣ እየተንቀሳቀሰች እንድታምጥ፣ እኔ አጠገቧ እንድሆን፣ ካላስፈለገ እንዳትቀደድ። ተረኛዋ ገለጥ አድርጋ አየችውና «ይሄ የውጭ አገር ነገር ነው» ብላ መልሳ ከተተችው። እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። እህቴን በጀርባዋ አስተኟት፤ የማህፀን በሯ ስድስት ሴንቲ ላይ ቆይቷል ተብሎ ግሉኮሱ ውስጥ ምጥ ማፋጠኛው ኦክሲቶሲን ተጨመረ።

«የውጭ አገር» የሚለው ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። አያቶቻችን ተንበርክከው፣ ከኋላ ሴቶች ደግፈዋቸው ነው የወለዱት። ይልቅ ከውጭ የመጣው በጀርባ ተኝቶ፣ እግር ሰቅሎ መውለዱ ነው።

የወገብ ማደንዘዣ በአገራችን ለአብዛኛዋ ወላድ የማይታሰብ ነገር ነው። ስለዚህ ፈለገችም አልፈለገችም ሕመሙን በራሷ አቅም ልትችለው ነው። እናንተ ግን ማስታገሻ ሳትሰጧት፣ ሕመሙን የሚያስችላትንም ትነጥቋታላችሁ፦ መራመዱን፣ ወገቧን የሚያሽላትን ሰው፣ የሚመቻትን አቀማመጥ። በዚያ ላይ ምጡን የሚያበረታ መድኃኒት ትጨምሩባታላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን መመሪያ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የማህፀን በር በሰዓት አንድ ሴንቲ አልከፈተም ብሎ ብቻ ምጥ ማፋጠን ተገቢ አይደለም ይላል፤ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን፣ መቅደድም የዘወትር አሠራር አይሁን ይላል። በምጡ የመጀመሪያ ደረጃ የጽንሱን የልብ ምት በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ማዳመጥ ጤናማ ለሆነች እናት ይበቃል፤ አልጋ ላይ የሚያስራት ነገር የለም።

ያለ መድኃኒት ማምጥ ማለት ያለ ሐኪም መውለድ አይደለም። እህቴ የወረቀቱ መጨረሻ ላይ «ለእኔ ወይም ለልጄ የሚያሰጋ ነገር ካለ ነግራችሁኝ የሚያስፈልገውን አድርጉ» ብላለች። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠውንም መርፌ በደስታ ተወግታለች። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ግን አልነበረም።

አልጋ ከአልጋ በተገጠመበት የመንግሥት ሆስፒታል አስታማሚ ማስገባት የሌላዋን ገመና ማጋለጥ እንደሆነ ይገባኛል፤ መጋረጃም ገንዘብ ይጠይቃል። እህቴ የወለደችው ግን ብቻዋን በተኛችበት፣ በተከፈለበት ክፍል ነው። እዚያስ ማንን ላጋልጥ ነበር? አንዳንድ ጤና ጣቢያዎች እንኳ የቤቱን ወግ ወደ ውስጥ አስገብተው፣ እናቶችን ለመሳብ ገንፎ እያገነፉ፣ ቡና እያፈሉ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እንዲህ ያለውን ወረቀት በክትትል ጊዜ ያየ ሐኪም ይፈርምበት። ተረኛ ሲቀያየር ከካርዱ ጋር ይነበብ። ከተጻፈው ያልተፈጸመ ካለም ምክንያቱ እዚያው ካርድ ላይ ይጻፍ፤ ለእናቲቱም ይነገራት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ወላድ እህት