ወደ አእምሮ ሐኪም ስንላክ

ሐኪም በሽተኛውን ወደ ዐይን ሐኪም ቢልከው የሚቀየም ሰው የለም። ወደ አእምሮ ሐኪም ሂድ ያለው እንደ ሆነ ግን በሽተኛው «እብድ ተባልሁ» ብሎ ያዝናል፤ ቤተ ሰቡም ነገሩን ከጎረቤት ይሸሽጋል፤ የመላኪያው ወረቀትም ተቀድዶ ይጣላል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ስም እንደ ስድብ መነገሩ ይህን ፍርሃት አባብሶታል።

አስቀድመን ልናስተውለው የሚገባን፥ ኀዘንና ጭንቀት በሥጋ ላይ የሚገለጡ መሆናቸውን ነው። እንቅልፍ ይነሣሉ፤ ምግብ ያስጠላሉ፤ ራስን ይፈልጣሉ፤ ልብን ያለ መጠን ያስመታሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ደምንና ደረትን መርምሮ አንዳች ባያገኝና ወደዚያ ቢልክ፥ «ሕመምህ ሐሰት ነው» ማለቱ አይደለም።

ይሁን እንጂ በሽተኛው ምክንያቱን ሳይረዳ ዝም ብሎ እንዲቀበል አንመክርም። «ምን አይተው ወደዚያ ላኩኝ?» ብሎ በትሕትና ይጠይቅ። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ የልብ ምትንና መረበሽን ያመጣል፤ ሥራው ሲያንስም ድካምንና ትካዜን ያመጣል፤ የደም ማነስም ሰውን ያዝላል። እነዚህ በደም ምርመራ የሚታወቁ ስለ ሆኑ፥ ተመርምረው እንደ ሆነ መጠየቅ ነውር የለበትም። መልሱ ያላረካው እንደ ሆነ ሌላ ሐኪም ያማክር። ወረቀቱን ቀድዶ ከነሕመሙ መቀመጥ ግን ራስን መጉዳት ነው። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ወይም የሚናገር ሰው ሲገኝ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሊያደርሱት ይገባል።

«ጠበል እያለ ስለ ምን ወደ ሐኪም እንሄዳለን?» የሚሉም አሉ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበረ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድነት እንዲወስዱ መክረዋል፤ ይህ ምክር ለአእምሮ ሕሙማንም የሚገባ ነው እንላለን። ለትካዜ የሚሰጠው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ካልቆየ ጥቅሙ አይታይም፤ ያለ ሐኪም ፈቃድ በድንገት ማቋረጡም ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ ወደ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ በጾም ወራትም የመውሰጃውን ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋራ ይምከርበት።

እንግዲህ ባል ለሚስቱ፥ እናትም ለልጇ በዚህ ጊዜ የምታደርገው እርዳታ ቀላል ነው፤ አብሮ መሄድ፥ ሐኪሙ የተናገረውን በጥሞና መስማት፥ የተሰማውንም ለጎረቤት ወሬ አለማድረግ ነው። ሕመምተኛውን ከሐኪም ደጅ የሚያስቀረው፥ ከሕመሙ ይልቅ የቤተ ሰቡ ኀፍረት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነውና።