በኢጣልያንኛ ርዳታን በትሕትና ስለ መጠየቅ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ምሳሌ ከማንም ይልቅ ለነጋዴ ይስማማዋል። ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣም ሆነ ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው፣ ሥራው የሚቃናው በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በሌላው ሰው በጎ ፈቃድ ጭምር ነው። ሰነድ የጎደለበት፣ ሳጥኑ ከመጋዘን ያልወጣለት ወይም የመለዋወጫው ቍጥር የተሳሳተበት ነጋዴ በዚያች ሰዓት የሚሻው ርዳታ ነው። ርዳታም የሚገኘው በአጠያየቅ ነው።

የኢትዮጵያ ነጋዴና ባለሙያ ከኢጣልያንኛ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። በየጋራዡ የሚሰሙት «ካቻቢቴ»፣ «ፍሬን»፣ «ቡሎን»፣ «ጎሚስታ» የሚባሉት ቃላት ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ዳሩ ግን ወደ አማርኛ የገቡት የዕቃና የሥራ ስሞች ናቸው እንጂ የአክብሮት ቃላት አይደሉም። ስለዚህ የመሣሪያውን ስም አሳምሮ የሚያውቅ ሰው፣ ያንኑ መሣሪያ በትሕትና የሚጠይቅበት ቃል ያጥረውና ሳያስበው እንደ አዛዥ ይናገራል።

ኢጣልያንኛ እንደ አማርኛ ሁሉ አንተንና እርስዎን ይለያል። «ቱ» የሚባለው ለቤተ ሰብ፣ ለወዳጅና ለልጅ ነው፤ ለማያውቁትና ለሚያከብሩት ሰው ግን «ሌይ» ይባላል። ይህ ቃል በመሠረቱ «እርሷ» ማለት ሲሆን፣ ለወንድ እንኳ ሲነገር ግሡ ስለ ሩቅ ሰው እንደሚነገረው ሆኖ ይመጣል። አማርኛም «እርስዎ መጡ» ሲል ግሡን «እነርሱ መጡ» ከሚለው ጋር አንድ ስለሚያደርግ፣ ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንበትም። የፋሺስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም. «ሌይ» ቀርቶ «ቮይ» እንዲባል አዝዞ ነበር፤ መንግሥቱ ሲወድቅ ግን ትእዛዙም አብሮ ወደቀ።

እንግዲህ ለማያውቁት ሰው «ስኩዛ» ሳይሆን «ሚ ስኩዚ»፣ ማለት ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ብሎ መጀመር ይገባል። ቀጥሎም «ፖትሬቤ አዩታርሚ፣ ፔር ፋቮሬ?» ቢባል፣ «እባክዎ፣ ሊረዱኝ ይችሉ ይሆን?» እንደ ማለት ነው። ፍላጎትን ሲገልጹ «ቮልዮ» የሚለው ይሻክራል፤ «ቮሬይ» የሚለው ግን ነገሩን ያለዝበዋል። «አዩቶ!» የሚለው ቃል ርዳታ ማለት ቢሆንም፣ ብቻውን ሲነገር ውሃ የወሰደው ወይም ወንበዴ የያዘው ሰው ጩኸት ስለ ሆነ በጉምሩክ መስኮት ፊት አይነገርም። ለድርጅት በሚጻፍ ደብዳቤ ራስጌው ላይ «ስፔታቢሌ ዲታ»፣ ግርጌው ላይ «ዲስቲንቲ ሳሉቲ» ማለት የተለመደ ነው። ርዳታው ከተገኘ በኋላም «ላ ሪንግራፅዮ» ብሎ ማመስገን የሚቀጥለውን ጥያቄ መንገድ ይጠርግለታል።

አንዳንዶች «ዛሬ እንግሊዝኛ ይበቃል» ይሉ ይሆናል። ለትልልቅ ኩባንያዎች የውጭ ንግድ ክፍል ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በኢጣሊያ እጅግ ብዙው ሥራ በትናንሽ የቤተ ሰብ ድርጅቶች እጅ ስለ ሆነ፣ ሳጥኑን ፈልጎ የሚያገኘው የመጋዘን ሠራተኛና ማሽኑን የሚያውቀው መካኒክ ሁሉ እንግሊዝኛ ይችላሉ ማለት አይቻልም። ሌሎች ደግሞ ትሕትናን እንደ ድካም ይቈጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። ዋጋውን የከፈለ ነጋዴ መብቱን አጥብቆ መጠየቅ ይችላል፤ በአክብሮት ሲጠይቅም መብቱ አይቀነስበትም። ሰው ከግዴታው አልፎ የሚደክመው ላከበረው ነው። ዕቃ በወደብ በሰነበተ መጠን የመጋዘን ኪራይ ስለሚቈጠር፣ አንድ ሻካራ ቃል ያዘገየው መልስ በገንዘብ ሊተመን ይችላል።

ስለዚህ ከኢጣሊያ ጋር የሚነግዱ ድርጅቶች ለደብዳቤ ጸሐፊዎቻቸውና ለመልእክተኞቻቸው ጥቂት የአክብሮት አነጋገሮችን ቢያስጠኑ ይበጃቸዋል። ባለ ሱቁም አሥር ያህሉን በወረቀት ጽፎ ከመዝገቡ አጠገብ ቢያኖር ወጪው የወረቀቱ ዋጋ ብቻ ነው።