«ካመንክ መርፌውን ተው» የሚል ስብከት ከወንጌል አይደለም

ዛሬ የምጽፈው አንዳንድ አገልጋዮችን ሊያስቆጣ ይችላል። ዝም ብንል ግን በሰው ነፍስ እንጠየቃለን።

በአንዳንድ የፈውስ ፕሮግራሞች የስኳር ሕመምተኛው «ካመንክ መርፌውን ተው» ይባላል። እንዲህ የሚል አገልጋይ ኢንሱሊንንም እምነትንም አላወቀም።

ኢንሱሊን እግዚአብሔር በፈጠረው አካል ውስጥ የማንኛውም ጤነኛ ሰው ቆሽት የሚያመነጨው ነው። ዓይነት አንድ ስኳር በያዘው ሰው ይህ ተቋርጧል። እ.ኤ.አ. በ1921 በቶሮንቶ፣ ካናዳ እስኪገኝ ድረስ እንዲህ ያለ ልጅ ከሞት አያመልጥም ነበር። በጥር 1922 መጀመሪያ የተወጋው የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን ከሞት አፋፍ ተመልሶ 13 ዓመት ኖረ። ዛሬም እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መርፌውን ቢያቆም በቀናት ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሹ ይከብዳል፣ ራሱን ይስታል።

«ንጉሥ አሳ ሐኪም በመፈለጉ ተወቅሷል» (2ዜና 16፥12) ይሉናል። የተወቀሰው ግን እግዚአብሔርን ባለመፈለጉ ነው። ሕዝቅያስን ተመልከቱ፤ እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው ከተናገረ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2ነገ 20፥5-7)። ተስፋውና መድኃኒቱ አልተጣሉም። ከመቅደስ ጫፍ ዝለል ያለው ግን ማን እንደ ነበር እናውቃለን (ማቴ 4)። መርፌ ጣል ማለትም ያው ፈተና ነው።

እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ይህን እሰብካለሁ። ነገር ግን ጌታ ለምጻሙን ሲያነጻው ሄዶ ለካህን እንዲታይ አዞታል (ማር 1፥44)። ተፈወስኩ የሚልም መርፌውን ሳያቆም ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይመርመር። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም።

ሌላው ጉዳይ ጾም ነው። ጾም ጸሎት ሲታወጅ ሕመምተኛው አፍሮ ከሌሎች ጋር ይጾማል። መርፌውን ተወግቶ ሳይበላ ሲውል ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራል። ይህን ጋኔን ነው ብለን ስንገሥጽ ሰውየው በእጃችን ሊሞት ይችላል! መዋጥ ከቻለ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ስለዚህ «መርፌህን ተወጋ» ብሎ መሸኘትም አይበቃም፤ ሰው መማር አለበት። በጀርመን ዱሰልዶርፍ ሕመምተኞች አምስት ቀን በቡድን ተቀምጠው ምግባቸውን መመዘንና ኢንሱሊኑን በዚያው ልክ መጨመርና መቀነስ ይማሩ ነበር። እንግሊዞች ይህንኑ ወስደው በ169 ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ ውጤቱ በ2002 ሲወጣ የተማሩት ሰዎች ስኳር ተሻሽሎ፣ ኑሯቸውም ቀሎ ተገኘ።

«ያ ለፈረንጅ ነው» አትበሉ። እርግጥ ያ ትምህርት የስኳር መለኪያና ቶሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ብዙዎች ጠዋትና ማታ የሚወጉት ቀስ ብሎ የሚሠራ ወይም የተቀላቀለ ነው፤ ለእነርሱ ምግቡ የመርፌውን ሰዓት መከተል አለበት። ቢሆንም እንጀራ፣ ድንችና ቆሎ ስኳርን እንዴት እንደሚያወጡ፣ ቀኑን ሙሉ ማረስ ወይም በእግር ገበያ መሄድ እንዴት እንደሚያወርደው የጎጃም ገበሬ መማር ይችላል። በክልላችን በጎንደር እነ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ የጤና ጣቢያ ነርሶችን አሠልጥነው ክትትሉን ወደ ገጠር አውርደውታል።

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ መጋቢዎች ሆይ፣ አዳራሾቻችን በሳምንቱ አብዛኛው ቀን ተዘግተው ይውላሉ። በወር አንድ ቀን ነርስ ጋብዙ። ሕመምተኛው ምግቡን ከምታበስልለት እናቱ ወይም ሚስቱ ጋር ይምጣ፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ይምጣ። የመርፌውን መጠን ሐኪሙ ይወስን፤ የእኛ ድርሻ በሩን መክፈት፣ የስኳር መለኪያ መግዣ ላጣው ማዋጣት፣ መጾም ለማይችለው ደግሞ በጸሎቱ ያለ እፍረት ቦታ መስጠት ነው።

አንተም መርፌህን ደብቀህ የምትወጋ ወንድሜ፣ አትፈር። አመስግነህ ተወጋ፣ አመስግነህ ብላ። ያም እምነት ነው።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።