የጓሮው እውቀት የማን ነበር?

በጓሮ ጎመን ያደገ ሰው ጎልማሳ ሆኖ እንደገና ዶማ ማንሳቱ አሁን አሁን እየተለመደ መጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ግቢ ያለው ቆስጣ ይዘራል፤ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው በረንዳው ላይ በተቆረጠ ጄሪካን ቃሪያና ሰላጣ ያበቅላል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም የቤት ውስጥ ምርትን የመንግሥት አጀንዳ አድርጎታል። ይህ ሁሉ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ወደ ጓሮ ከተመለሱት ብዙዎቹ «ያደግኩበት ነው፤ አውቀዋለሁ» ብለው ይጀምራሉ። ከጓሮ የበላ ልጅ ይዞ የሚያድገው ግን የጓሮውን ጣዕም ነው። እውቀቱ የእናቱ ነበር፤ ከእናቱም ጋር ቀርቷል። ወደ ጓሮ መመለሳችን ፍሬ የሚያፈራው ያንን እውቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዘሩን እውቀት፣ ዛሬም ከያዙት እናቶች እጅ ስንቀበል ነው።

የልጅ ድርሻ ምን ነበር? ዶሮ ማባረር፣ ውኃ ማመላለስ፣ «ሂድ፣ ጎመን ቀንጥስልኝ» ሲባል መሮጥ። እኔ ባደግኩባት የደጋ ከተማ የቤታችን ጓሮ ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጌሾ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ዱባ ነበረው። ከሥራው ለእኛ የሚደርሰን ግን ጫፉ ብቻ ነው። መቼ እንደሚዘራ፣ የቱ ችግኝ ተነቅሎ የቱ እንደሚተው የሚወሰነው እኛ ትምህርት ቤት ውለን ሳለ ነበር። ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ እናቶቻችን ጓሮውን ሊያወርሱን አልፈለጉም። ጎመን የክረምት፣ የችግር ጊዜ ምግብ ነው። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው እህል ደርሶ ከጎመን መገላገል ስለሚናፈቅ ነው። ልጅን ማስተማር ማለት ከዚያ ምንቸት ማራቅ ማለት ነበር። እናቴ «አንተ ጥናትህን አጥና» ብላ ዶማውን ከእጄ ስትቀበለኝ ለእኔ የምትመኘውን ሕይወት እየነገረችኝ ነበር። እንዲህ ባለ ፍቅር ነው የአንድ ትውልድ እውቀት ሳይተላለፍ የቀረው።

እናቴ ዱባ የምትተክለው ሁልጊዜ አመድ ከሚደፋበት ጥግ ነበር። የእንጨት አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፤ የደጋውን አፈር ኮምጣጣነትም ይቀንሳል። እሷ ይህን በኬሚስትሪ ቋንቋ አትናገረውም፤ ዱባው የት እንደሚያምርበት ግን ታውቃለች። ጓሮው የማድ ቤቱ ሌላኛው ግማሽ ነበር። የምድጃው አመድ፣ የእቃ እጣቢው፣ የሽንኩርቱና የድንቹ ልጣጭ፣ የዶሮው ኩስና የበረቱ አዛባ በአንድ በር ይወጡና በሌላው በር ቅጠል ሆነው ይመለሳሉ። ዛሬ ምድጃው በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ነው፤ አመድ የለም። እጣቢው የዱቄት ሳሙና አለበት። ልጣጩ በፌስታል ታስሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ይሰጣል፤ ከዚያ ባለቤቱ ሄዶ የተዘጋጀ አፈር በጆንያ ይገዛል። ስለዚህ የከተማ ጓሮ ሥራ መጀመር ያለበት ከማድ ቤት ነው። ልጣጩን ለይቶ በአንድ በርሜል ማብላላት ያልጀመረ ቤተሰብ በየወቅቱ አፈር ሲገዛ ይኖራል።

አፈሩ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ዘሩ ነው፤ እዚህ ላይ የሐበሻ ጎመንን መመልከት ይበቃል። ሳይንሱ ብራሲካ ካሪናታ ይለዋል። ጃፓን ውስጥ ይሠራ የነበረው የእጽዋት ሊቅ ዉ ጃንግ ቹን በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ይህ ተክል ጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ዝርያ ተዳቅለው የተገኘ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱን ተክሎች ያገናኘው ተፈጥሮ ቢሆንም፣ ከዚያ ወዲህ ሰፊ ቅጠል ያለውን ጎመን ለይቶ ለድስት ያበቃው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ በአብዛኛው የጓሮ ባለቤት የሆነች ሴት ናት።

አመራረጧ እንዲህ ነው። ቶሎ ወደ አበባ የሚሮጠውን ጎመን ቀድማ ለወጥ ታውለዋለች፤ ቅጠሉ ለምግብ የሚደርስበት ጊዜ አጭር ነውና። ዘግይቶ የሚያብበውን፣ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ የሆነውን ግን ለይታ ትተወዋለች። ቢጫ አበባው ረግፎ ፍሬ ማቀፊያው መድረቅ ሲጀምር፣ ፈንድቶ ሳይበተን፣ ጠዋት ጤዛ ሳለ ታጭደዋለች። በጨርቅ ላይ ወቅታ፣ አበራይታ፣ በቅል አድርጋ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ትሰቅለዋለች፤ ጭሱ ነቀዝ ያርቃል። ለዘር ከሚያስፈልጋት የተረፈው ጎመንዘር ተወቅጦ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናው ነገር በጣም የሚያምረው ጎመን ሳይበላ መቅረቱ ነው። ገበታ ላይ ያለ ልጅ ያልተበላውን አያይም። እኛም ጓሮን ስናስታውስ የምናስታውሰው የበላነውን ስለሆነ፣ ጓሮውን ከዓመት ዓመት ያሻገረው ያ ያልተበላ ተክል ከትዝታችን ውስጥ የለም።

ይህ ዘርን የመምረጥ ሳይንስ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያ በ1976 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችውን የዘር ባንክ የኋላ ኋላ በኃላፊነት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙበት ሥራ በዚሁ እምነት ላይ የቆመ ነበር። ዘር በማቀዝቀዣ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ፣ በገበሬው ምርጫ መቆየት አለበት ብለው ሠርተዋል። የከተማ ጓሮ ግን በዚህ ውይይት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ይህ ያሳዝነኛል፤ የገጠሩን ዘር ይዘው ከተማ የገቡ ብዙ እናቶች ያሉት እዚህ ነውና።

ዛሬ ዘር ፈላጊው የሚሄደው ወደ ሱቅ ነው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ለማበብ ብርድ የሚሹ በመሆናቸው ዘራቸው በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ዲቃላ የሆነውን ከፍሬው መልሰው ቢዘሩት ልጁ እናቱን አይመስልም። ከውጭ መምጣቱን ግን አልጠላውም። ድንች በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው ሺምፐር እጅ እንደገባ ይነገራል፤ ቃሪያውም፣ ዱባውም፣ ቲማቲሙም ትውልዳቸው አሜሪካ ነው። ጓሮ እንግዳ ተክል የሚሞከርበት ቦታ ሆኖ ኖሯል። ልዩነቱ ያኔ የመጣው ተክል ዘሩን ለቤቱ መስጠቱ ነው። ለዚህ ነው ተመላሹን ማረቆ ፋና በርበሬን ወይም መልካ ሾላ ቲማቲምን እንዲይዝ የምመክረው፤ ከዓመት ዓመት ዘራቸውን ማስቀረት ይቻላል።

«ገበያው ቅርብ ነው፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለከተማዋ ገበያ ከሚቀርበው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውኃ የሚለማ ነው፤ በተደጋጋሚ በተደረጉ ጥናቶችም እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ተገኝተውበታል። ጥፋቱ የአትክልተኞቹ አይደለም፣ ወንዙን የሚበክለው ሌላ ነው። ለልጁ ጎመን የሚቀነጥስ ወላጅ ግን ውኃው ከየት እንደመጣ የማወቅ መብት አለው።

ወደ ጓሮ መመለሱ ግን ለሁሉም እኩል አይቀልም፤ በኪራይ ቤት ያለ ሰው መቼ ውጣ እንደሚባል ስለማያውቅ ሎሚና ጌሾ አይተክልም። በሁለት ወር የሚደርስ ሰላጣ ይዘራል እንጂ ጎመኑ ፍሬ እስኪሰጥ ለመጠበቅ ልቡ አይደፍርም። የጓሮ ጉዳይ የቤት ጉዳይም ነው፤ የተረጋጋ የኪራይ ውል ለተክልም ይጠቅማል። ደግሞ እናቶቻችን ይህን ሁሉ የሠሩት እንጀራ ጋግረው፣ ውኃ ቀድተው፣ ልጅ አዝለው ነው። ተመልሰን ስንመጣ ሥራውን እንደገና በሴቷ ጫንቃ ላይ ጥለን ፎቶውን እኛ የምናነሳ ከሆነ፣ ባይጀመር ይሻላል።

ወረዳዎች የከተማ ግብርናን ሲመዝኑ የለማውን ቦታና የተከፋፈለውን ችግኝ ይቆጥራሉ። በየሰፈሩ ዘር የያዘው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቁም። መጠየቂያው ቦታ ደግሞ አለ፤ ዕድር ነው። በየወሩ በሚሰበሰበው የእናቶች ዕድር ውስጥ ጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥራ ያስቀመጠች፣ የሐበሻ ሽንኩርት ኮረት ከአገር ቤት ያስመጣች ሴት አትጠፋም። ከኅዳር እስከ ጥር ዘር በሚሰበሰብበት ጊዜ እያንዳንዷ አንድ እፍኝ ብታመጣ፣ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚመረጥ ብትናገር፣ አንድ የተማረ ልጅም ከአጠገቧ ተቀምጦ ቢጽፍ፣ ለሰኔ የሚዘራ ዘር በሰፈር ውስጥ ይገኛል። ለዚህ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስቸኩለው እነዚያ እናቶች እያረጁ መሆናቸው ነው።