«በሞቴ አንድ ጠጪ!» በማን ሞት?

ዛሬ የምጽፈው ለታካሚዎች ብቻ ሳይሆን ለሥራ ባልደረቦቻቸውም ነው።

በቁይም ሆነ በደብረ ማርቆስ መሥሪያ ቤቶች ልማዱ አንድ ነው። አንዱ ይመረቃል፣ ሌላዋ እድገት ታገኛለች፣ የአንዱ ሚስት ትወልዳለች። «መቼ ነው የምትጋብዘን?» ይባላል። ለስላሳ በሳጥን ይመጣል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ከረሜላ ይታደላል። ደስታን መካፈል መልካም ነው፤ እሱን አልነቅፍም። የምነቅፈው እምቢ ያለን ሰው «በሞቴ!» እያሉ ማስጨነቅን ነው።

እስኪ ልብ በሉ። «ጾመኛ ነኝ» ላለ ሰው ሁሉም ወዲያው ይተወዋል። «ይቅርብኝ» ላለች ግን ልመናው ይጀመራል፤ «ኮራሽብን»፣ «ደስታዬን አልወደድሽውም?» ይባላል። የስኳር ሕመም ያለባት እህት ከዚያ በኋላ ያላት ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ ሕመሟን በሰው ሁሉ ፊት መናገር፣ ወይ በይሉኝታ መጠጣት። ለጾም የምንሰጠውን ክብር ለጤና የምንነፍገው ለምንድን ነው?

«አንድ ጠርሙስ ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ከ7 የሻይ ማንኪያ በላይ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች ነው።

«በዓመት አንዴ ነው» የሚለውም አያዋጣም። 24 ሠራተኞች ባሉበት ቢሮ እያንዳንዱ በዓመት አንዴ ቢጋብዝ በወር ሁለት ግብዣ ነው።

«ባህላችን ነው» ለምትሉም፦ ባህላችን መካፈሉ ነው እንጂ ጠርሙሱ አይደለም። በሕንድም ደስታ ያገኘ ሠራተኛ ለባልደረቦቹ ጣፋጭ ያድላል። ሆኖም በ2025 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በምግብ ውስጥ ያለውን ስኳርና ዘይት የሚያሳይ ሰሌዳ እንዲሰቅሉ መክሯል። ባህላቸውን ተዉ አላላቸውም፤ የምትበሉትን እወቁ ነው ያላቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ጋባዦች፦ ቡና አፍሉ፣ ስኳሩን ለብቻ አቅርቡ። የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ውሃም ይኑር። ቆሎና ዳቦም ቢሆኑ በብዛት ከተበሉ የደም ስኳርን ይጨምራሉ፤ ሰው በልኩ ያንሳ። አንዴ «ይቅርብኝ» ካለ ምክንያቱን አትጠይቁ።

ታካሚዎች፦ «ይቅርብኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ» በቂ መልስ ነው። ጠጥታችሁ ከሆነ ደግሞ «አካክሰዋለሁ» ብላችሁ ኪኒን ወይም ኢንሱሊን በራሳችሁ አትደርቡ።

ወላጆች፦ ከግብዣው የተረፈውን ለስላሳና ከረሜላ በቦርሳ ለልጆቻችሁ አትውሰዱ። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል፤ ጥርስ የሚበሰብሰው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ባልደረባችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበውና ግራ ከተጋባ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ ከቻለ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወዲያው ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ለስላሳው «በሞቴ» የሚያስብለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ በየመሥሪያ ቤታችሁ ቡድን አጋሩት።