ቡና ሲቆላ የሚወጣው ባትሪ

ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው መጮኹ ለአሌክሳንድሪያ ኢትዮጵያውያን ተከራዮች እንግዳ አይደለም። ጩኸቱን ለማስቆም አቋራጩ መንገድ ባትሪውን ማውጣት ነው፤ መልሶ መክተቱ ግን ይረሳል። በአሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቃጠሎ ከሚሞቱት አምስት ሰዎች ሦስቱ ገደማ የሚሞቱት ማስጠንቀቂያ በሌለበት ወይም በማይሠራበት ቤት ነው።

ጉዳዩን የቸልተኝነት ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ የባትሪው መጠንና ዓይነትም ውጤቱን ይወስናል። በቆዩ መሣሪያዎች የሚገባው ባለ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪ በውስጡ ባለ 1.5 ቮልት ስድስት ጥቃቅን ሕዋሶች የተደረደሩበት ነው። የሚይዘው ኃይል ሁለት ደብል ኤ ባትሪዎች ከሚይዙት ያነሰ ሲሆን ዋጋው ግን ይበልጣል። በየዓመቱ ይቀየር ስለሚባልም በ10 ዓመት 10 ባትሪ ይፈጃል። ሊትየም በአንጻሩ ተቀምጦ የሚያባክነው ኃይል እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ በመሣሪያው ውስጥ ታሽጎ የማስጠንቀቂያውን የ10 ዓመት ዕድሜ አብሮ ይዘልቃል። የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እያሰጣ ያደገ ትውልድ ይህን ልዩነት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በቻርጀር የሚሞላው የኒኬል ባትሪ ግን ሳይሠራም ስለሚደክም አማራጭ አይሆንም።

ባትሪው የታሸገበት መሣሪያ ሲገዛ ውድ ነው፤ ከፋዩም አከራዩ ነው። ርካሹ ሲገጠም ግን የየዓመቱ ባትሪ ወጪ ብዙውን ጊዜ ወደ ተከራዩ ይዞራል። ቆጣቢው አንዱ፣ ለአደጋ የሚጋለጠው ሌላው ይሆናል ማለት ነው።

ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ፣ በባትሪ ብቻ የሚሠሩ የቆዩ ማስጠንቀቂያዎች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ድረስ የታሸገ የ10 ዓመት ባትሪና የድምፅ ማስቆሚያ ቁልፍ ባላቸው እንዲተኩ አዘዘች። እንዲህ ያለው መሣሪያ የተገጠመላት የሲልቨር ስፕሪንግ እናት ቡና ስትቆላ ቁልፉን ተጭና ጩኸቱን ለጥቂት ደቂቃ ታስቆማለች፤ የምታወጣው ባትሪ የለም።

የቨርጂኒያ የአከራይና ተከራይ ሕግ ተከራዩ የሚሠራ ባትሪ እንዳያወጣ ይከለክላል፤ ባትሪው የማይወጣ መሣሪያ እንዲገጠም ግን አከራዩን አያስገድድም። በቨርጂኒያ ከተሞች ከግዛቱ ከተሰጣቸው ሥልጣን ውጭ ደንብ ማውጣት ስለማይችሉ፣ ጥያቄው ከአሌክሳንድሪያ ምክር ቤት አልፎ ሪችመንድ ላለው ጠቅላላ ጉባኤ መቅረብ ይኖርበታል። ረቂቁ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፦ በባትሪ ብቻ የሚሠራ ማንኛውም ማስጠንቀቂያ 10 ዓመት ሲሞላው ወይም አዲስ የኪራይ ውል ሲፈረም፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ጊዜ፣ በታሸገው ይተካ፤ ወጪውም በተከራዩ ላይ አይጣል።